የታመመ ዓሣና የክፍል ልጆች
በመምህራን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር





ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞቼና እኅቶቼ ስለ መጻሕፍት እጥረት፣ ስለ ፈተና አሰጣጥና ስለ መምህራን ኑሮ ታላላቅ ነገር አሰምተውናል። እኔ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ከነዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ጣት አይበልጥም። ይኸውም በአዲስ አበባ በማስተምርበት ክፍል መስኮት አጠገብ ይኖር የነበረ፣ በኋላም በጽኑ የታመመ አንድ ዓሣ ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም፣ በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ካጋጠሙኝ ፈተናዎች ይልቅ ያሳፈረኝና ያስተማረኝ እርሱ ስለ ሆነ፣ ለእናንተ ለማካፈል ደፈርሁ። አሳቤንም በሦስት እከፍለዋለሁ፤ መጀመሪያ የዓሣውን ጠባይ፣ ቀጥሎ የሕመሙንና የእንክብካቤውን ሁኔታ፣ በመጨረሻም ከልጆቹ ጋር የደረሰብኝን እናገራለሁ።

ይህ ዓሣ ቤታ ይባላል፤ ብዙ ሰዎች ተዋጊ ዓሣ ይሉታል። አገሩ ታይላንድ ነው፤ እዚያም የሩዝ ማሳ፣ ረግረግና ዝግ ብሎ የሚሄድ ጥልቀት የሌለው ውሃ መኖሪያው ነው። ሁለት ወንዶች በአንድ ስፍራ ሲገናኙ እስከ መጐዳዳት ስለሚጣሉ፣ የአገሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ለውድድር ያረቡት ነበር። በ19ኛው ምእተ ዓመት የታይላንዱ ንጉሥ ሣልሳዊ ራማ ለቴዎዶር ካንቶር ዓሣዎቹን እንደ ሰጡትና እርሱም ስለ እነርሱ በ1849 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንደ ጻፈ ይታወቃል። ዛሬ የሚጠራበትን የሳይንስ ስም ያወጣለት ግን ቻርልስ ቴት ሬጋን ሲሆን፣ ይህም በ1910 ነው። ታይላንድም በ2019 ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ መርጣዋለች።

የዚህ ዓሣ ልዩ ጠባይ አተነፋፈሱ ነው። እንደ ሌሎች ዓሣዎች በስንጥብ ከመተንፈሱም በላይ፣ ከስንጥቡ ከፍ ብሎ ላብሪንት የሚባል የተጠማዘዘ ብልት ስላለው፣ ወደ ውሃው ገጽ ብቅ እያለ አየር ይስባል። ወደ ላይ እንዳይወጣ ቢታገድ ጥሩ ውሃ ውስጥ ሳለ እንኳ ሊሞት ይችላል። ወንዱ በውሃው ገጽ ላይ የአረፋ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቲቱ የጣለችውን እንቁላል በአፉ እየለቀመ በጎጆው ያኖራል፤ የወደቀውንም እያነሣ ይመልሳል። ልጆቻችን ይህን በሰሙ ጊዜ፣ «እንግዲያው እናትም አባትም እርሱ ነዋ!» ብለው ተደነቁ።

ከአየር የሚተነፍስ መሆኑ ግን ለዓሣው ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ሆኖበታል። በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ቢያኖሩት ቶሎ ስለማይሞት፣ ሰዎች ትንሽ ብርጭቆ ይበቃዋል ብለው ያምናሉ። አለመሞት ግን መኖር አይደለም። ልምድ ያላቸው ጠባቂዎች የሚመክሩት ከ20 ሊትር ያላነሰ ገንዳ፣ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃና በዝግታ የሚሠራ ማጣሪያ ነው። እንዲህ ከተያዘ ሦስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይኖራል።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአንድ ተማሪ ወላጅ አንድ ቀይ ዓሣ ለሰባተኛ ክፍል በስጦታ ባመጡልን ጊዜ፣ እኔ የሳይንስ መምህሩ ሦስት ሊትር በሚይዝ የከረሜላ ብልቃጥ አስቀመጥሁት። ልጆቹም ቀዮ አሉት። በየዓርቡ ብልቃጡን ሙሉ በሙሉ ደፍቼ ከቧንቧ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ እሞላ ነበር፤ ይህንም ንጽሕና ብዬ አምን ነበር። ምግቡን በተመለከተ ተራ አላወጣሁም፤ ከአርባ ልጆች መካከል የፈቀደ ሁሉ ይሰጠው ነበር።

ኅዳር ሚካኤል ካለፈ በኋላ በዚያው ሳምንት፣ አንድ ቀን ጧት ቀዮ በብልቃጡ ሥር ተኝቶ ተገኘ። ክንፎቹ ተጣብቀዋል፤ ጫፋቸው ተቦጫጭቋል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። አየር ለመሳብ ወደ ላይ ሲወጣ ደክሞት መንገድ ላይ ይመለስ ነበር። ምግብ ቢጣልለት ዘወር ብሎም አላየ።

አንድ ባልንጀራዬ በቅን አሳብ ከቤቱ የተረፈ የሰው መድኃኒት ይዞልኝ መጣና፣ «ከቅንጣቱ ጥቂት አቅልጠህ ጨምርለት» አለኝ። ልቤ ተመኝቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ የእንስሳት ሐኪም ወዳጄን በስልክ ብጠይቀው፣ «መድኃኒት ከመስጠትህ በፊት ውሃውን መርምር፤ ዓሣ የሚጠጣውም የሚተነፍሰውም የሚጸዳዳውም በአንዱ ውሃ ውስጥ ነው» ሲል መለሰልኝ። ያለ ምርመራ የሚሰጥ መድኃኒት ሕመሙን ከማዳን ይልቅ ውሃውን የሚያጠሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል፣ የቀሩትንም ጎጂዎች መድኃኒት እንዲለምዱ ሊያደርጋቸው እንደሚችል አስረዳኝ። ዓሣ ጐርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ማለት ለካ ይህ ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ሰብስቤ ምርመራ ጀመርን። ቴርሞሜትር ብንከት ከጧቱ በሁለት ሰዓት 17 ዲግሪ አሳየ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በአዲስ አበባ ምን ያህል እንደሚበርድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ የሩዝ ማሳ ተወላጅ የሆነው ዓሣ ግን ያንን ሌሊት ያለ ልብስና ያለ እሳት ያድር ነበር። ቀጥሎ በጠብታ በሚሠራ መመርመሪያ የአሞኒያውን መጠን አየን፤ ቢጫ ሆኖ መቅረት የነበረበት ውሃ እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓሣው ስንጥብና ከእዳሪው፣ ከተረፈውም ምግብ መበስበስ አሞኒያ ይወጣል፤ ይህም የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል። በቆየ ገንዳ ውስጥ በጠጠሩና በማጣሪያው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ እጅግ ወደ ቀለለው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪበቁ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃሉ፤ በብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያሉ። እኔ ግን በየሳምንቱ ብልቃጡን እየደፋሁና እያሸሁ፣ በክሎሪን የታከመ የቧንቧ ውሃም እየሞላሁ፣ የሚረዱትን ሠራተኞች በየዓርቡ አባርር ነበር።

እዚህ ላይ መምህራን ሁሉ እንዲያውቁት የምሻው አንድ ነገር አለ። የበረደውን ዓሣ ባየን ጊዜ የመጀመሪያ አሳባችን ቶሎ ማሞቅ ነበር። ይሁን እንጂ ውሃው ሲሞቅ አሞኒያው የበለጠ መርዛም ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ውሃውን አስቀድሞ ማጥራት፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ማሞቅ ነው። ለአዲሱ ውሃ ክሎሪኑን የሚያጠፋ ሶዲየም ታዮሰልፌት ከቤተ ሙከራችን መደርደሪያ አገኘን፤ ይህ በሌለበት ውሃውን አፉ በሰፋ ዕቃ አንድ ቀን ሙሉ ማሳደር ክሎሪኑን ያሳንሰዋል፤ ክሎራሚን የተባለውን ግን በዚህ መንገድ ማስወጣት አይቻልም።

ቀዮን ወደ ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን አዛወርነው። ለታመመ ቤታ ጥልቅ ውሃ አድካሚ ስለ ሆነ፣ ወደ ላይ ለመውጣት ብዙ እንዳይዋኝ ውሃውን ዝቅ አደረግነው፤ ከውሃው በላይ ያለውም አየር እንዳይበርድ በቀዳዳ ክዳን ሸፈንነው። በየቀኑ የውሃውን ሲሶ ያህል በተመሳሳይ ሙቀት ውሃ እንለውጥ ነበር። ሙቀቱን በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በማይበልጥ መጠን ከፍ እያደረግን 26 አደረስነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሣጥኑን በጋቢያቸው ጠቅልለው፣ ለብ ያለ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች በዙሪያው ደርድረው አደሩ። እኒህ ሰው ስለ አሞኒያ የሰሙት ነገር አልነበረም፤ ለታመመ ፍጡር ሙቀት እንደሚያስፈልገው ግን ከማናችንም ይልቅ ያውቁ ነበር።

በአራተኛው ቀን ክንፉ የበሰበሰ መሆኑን ሐኪሙ ካረጋገጠልን በኋላ፣ ምንም ቅመም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ጨው በሊትር አንድ ግራም ያህል በሌላ ዕቃ አሟምተን ጨመርን። ጨው የሚረዳበት ምክንያት ይህ ነው፤ የዓሣው ደም ከወንዝ ውሃ ይልቅ ጨዋማ ስለ ሆነ ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ኩላሊቱም ይህን ሲያስወጣ ይደክማል። ጥቂት ጨው በውሃው ውስጥ ሲኖር ልዩነቱ ስለሚያንስ ሸክሙ ይቀልለታል። ነገር ግን ውሃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንምና፣ መተካት ያለበት በተለወጠው ውሃ መጠን ብቻ ነው፤ ለብዙ ቀንም ሊቀጥል አይገባውም።

ምግብ ለሁለት ቀን ከለከልነው። የቤታ ጨጓራ ከዓይኑ ብዙም እንደማይበልጥ ለልጆቹ በነገርኋቸው ጊዜ ሁሉም ዝም አሉ፤ እያንዳንዱ የጣለለትን ይቈጥር ነበርና። በስድስተኛው ቀን ቀዮ ክንፉን ዘርግቶ አንዲት የውሃ ቁንጫ ያዘ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ፤ የጐረቤቱ ክፍል መምህርም ምን መጣ ብለው በበር ብቅ አሉ።

ሌሎች በሽታዎችንም በምልክታቸው ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። በሰውነቱ ላይ እንደ ጨው ቅንጣት ነጭ ነጥብ ቢታይ፣ ኢክ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ የወርቅ አቧራ የነሰነሱበት ቢመስል ሌላ ጥገኛ ነው፤ በአፍና በጀርባ እንደ ጥጥ ያለ ነገር ቢወጣ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ይባላል፤ ነገር ግን ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱም መድኃኒት የተለያየ ነው። በጎኑ ቢንሳፈፍ የአየር ከረጢቱ ታውኳል፤ ለዚህም ከልክ ያለፈ ምግብ አንዱ ምክንያት ነው። በተለይም ስለ ልጆች ጤና አንድ ነገር ላሳስብ። በ1926 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሮንሰን የተባለው ሊቅ በፊላዴልፊያ ከዓሣዎች ያገኘው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ተሕዋስ፣ በቈሰለ ቆዳ በኩል ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ እጁ የተላጠ ልጅ ገንዳ አይንካ፤ የነካም ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ የዓሣውም ውሃ በአፍ አይሳብ።

ክቡራትና ክቡራን፤

እስካሁን የተናገርሁት የመጽሐፍና የሐኪም ዕውቀት ነው። አሁን ወደ ራሴ እመለሳለሁ።

በዘጠነኛው ቀን የቀዮ ሆድ አበጠ። በማግስቱ ከላይ ስናየው ቅርፊቱ ሁሉ ከሰውነቱ ተነሥቶ እንደ ጽድ ፍሬ ተሰነጣጥቋል። ይህ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን፣ ኩላሊት ሥራውን መተዉን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። ጨዋማውን ውሃ ለውጠን በሐኪሙ ምክር ማግኒዚየም ሰልፌት ሞከርን፤ ከዚህ ደረጃ የደረሰ ዓሣ ግን የሚድነው ከስንት አንድ ነው። ሐኪሙ መጥቶ አየውና፣ «ከእንግዲህ የምታደርጉለት ሁሉ ሕይወቱን ሳይሆን ሥቃዩን ያረዝማል» አለኝ።

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነገሩን ብናገር፣ አንድ ባልደረባዬ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? ዛሬ ማታ ሌላ ቀይ ዓሣ ገዝተህ አስቀምጥ፤ ልጆች ምን ያውቃሉ!» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ደስ አሰኘኝ። ገንዘቡም በኪሴ ነበር። ልጆቹ አያለቅሱም፤ እኔም አልጠየቅም።

ከትምህርት ቤቱ ልወጣ ስል ግን አንድ ልጅ በበሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። በክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ፣ በኋለኛው ወንበር የሚቀመጥ ልጅ ነው። «መምህር፣» አለኝ ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ፣ «ቀዮን የገደልሁት እኔ ነኝ። ከቁርሴ ዳቦ በየቀኑ እፈረፍርለት ነበር። ለማንም አልተናገርሁም።» ይህን ነገር ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል።

ያን ጊዜ በኪሴ ያለው ገንዘብ ከበደኝ። ሌላ ዓሣ ብተካ፣ የቀሩት ልጆች ቢታለሉ እንኳ ይህ ልጅ አይታለልም፤ ወይም ቢታለል፣ የሚማረው በደል በሌሊት ተሸፍኖ እንደሚጠፋ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን የምናስተምር እኛው አይደለንምን? ከልጁ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠን እንዲህ አልሁት፤ «ዳቦው አልጠቀመውም፤ ውሃውን አበላሽቷል። ነገር ግን ብልቃጡን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ብርዱን ያልለካሁት እኔ ነኝ። ማን ምን ያህል ይስጠው ብዬ ሥርዓት ያላወጣሁትም እኔ ነኝ። አንተ የሰጠኸው ስለ ወደድኸው ነው፤ እኔ ግን ሳልጠይቅ ዐውቃለሁ ብዬ ነው።» ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይህን ነገ ለክፍሉ ይናገራሉ?» ሲል ጠየቀኝ።

በማግስቱ ተናገርሁ። የምርመራ ደብተራችንን ከፍቼ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ምን እንዳጠፋሁ በተራ አነበብሁላቸው። ሐኪሙ ስለሚያደርገውም ነገር አልደበቅሁም፤ የቅርንፉድ ዘይት በጥቂቱ እየተጨመረ ዓሣውን መጀመሪያ እንደሚያፈዝዘው፣ መጠኑም ሲጨምር ሳይነቃ እንደሚሞት ገለጽሁላቸው። ልጆቹ ከክፍል ከወጡ በኋላ ሐኪሙ ሥራውን ፈጸመ፤ ስንጥቡም መንቀሳቀሱን ካቆመ በኋላ ከዐሥር ደቂቃ በላይ በዚያው ውሃ አቆየው፤ ቶሎ ማውጣት መልሶ ሊያነቃው ይችላልና። ከዚያም ልጆቹ በአትክልቱ ሥፍራ ቀበሩት። ያ ዝምተኛው ልጅ ጉድጓዱን ቆፈረ።

ከዚያ በኋላ ክብሬ ይቀንሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሳምንቱ ሦስት ልጆች ደብተራቸውን ይዘው መጥተው፣ «ይህን ትምህርት ከመስከረም ጀምሮ አልገባንም፤ እንዳይቈጡን ብለን ዝም ብለን ነበር» አሉኝ። እኔም ለእነርሱ እንደ ቀዮ ጠባቂ ሆኜባቸው እንደ ነበር ገባኝ፤ ዝም ማለታቸውን ደኅንነት አድርጌ ቈጥሬው ነበርና። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ልጅ ሲደክም ባየሁ ጊዜ፣ ልጁን ከመውቀሴ በፊት የተቀመጠበትን ውሃ፣ ማለት ቤቱን፣ ምሳውን፣ መስኮቱንና የእኔን አነጋገር እመረምራለሁ።

በመጨረሻም ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። እንስሳ ወደ ክፍል እንዳይገባ አትከልክሉ፤ ነገር ግን ከመግባቱ በፊት መምህሩ አራት ጥያቄዎችን በጽሑፍ እንዲመልስ አድርጉ። መኖሪያው ምን ያህል ነው? ሙቀቱ በብርድ ሌሊትና መብራት ሲጠፋ በምን ይጠበቃል? በበዓልና በእረፍት ጊዜ ማን ይመግበዋል? ቢታመምስ ማን ያየዋል፣ ወጪውንስ ማን ይችላል? ለአንዱ እንኳ መልስ ከሌለው፣ ያንን እንስሳ በሥዕል ማስተማር ይበልጣል።

ዛሬ በክፍላችን መስኮት አጠገብ 30 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለ። ዓሣው ሳይገባ ስድስት ሳምንት ሙሉ ባዶውን ቆየ፤ ልጆቹ ውሃውን እየለኩ፣ የማይታዩት ባክቴሪያዎች እስኪበቁ ጠበቁ። የመጀመሪያው ዓሣ የገባ ዕለት የመመገቢያውን ተራ ያወጣውና በግድግዳው ላይ የለጠፈው ያ በኋለኛው ወንበር ይቀመጥ የነበረው ልጅ ነው። በወረቀቱም ግርጌ፣ «የመምህሩ ተራ ዓርብ ነው፤ ከሦስት ፍሬ በላይ አይስጡ» ብሎ ጻፈልኝ። እኔም ትእዛዙን እስከ ዛሬ አክብሬአለሁ።